ስም ያልተጠራበት ጥሩምባ

ኅዳር 4
ከጋሽ ኃይለመስቀል ጋር በጓሳ መንገድ ከከተማ ወጣን። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው። "ሰው ያለ ሞት አይደንግጥ። አንተም ሰው ባለበት እንዳታሰማው" አሉኝ። እሺ አልኩ። ሦስት ጊዜ ነፉልኝ፣ ቀረጽኩ። ብርዱ ጣቴን አደንዝዞታል። የመሰንቆውን ቀረጻ ባለፈው ሳምንት ጨርሻለሁ፤ ይኼ ሲገባበት ሙዚቃዬ ሌላ ነው የሚሆነው!

ኅዳር 6
ድምፁን በኮምፒውተሬ ቆራርጬ የሙዚቃ ኪቦርዱ ላይ ጫንኩት። ቁልፉን ስነካ ጋሽ ኃይለመስቀል ይነፋሉ። ድምፁን ሳወፍረው የበሬ ጩኸት ይመስላል። ብቻዬን ሳቅሁ።

ኅዳር 10
ምን ነካኝ?
ማለዳ የሞባይል ጥገና ሱቄን ከፍቼ በትልቁ ስፒከር ሞከርኩት። አንዴ ብቻ... ስፒከሩ በር ላይ መሆኑን እያወቅሁ።
ጥሩምባ ሲነፋ የሟች ስም ይከተላል። ስም ስላልተከተለ ሁሉም ለየራሱ ሰው ፈራ። ሰው ጋቢውን እየጎተተ ወጣ። "ማነው? ማነው?" የጎረቤቴ የእማማ ጠጄ ልጅ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝታለች። "ልጄን!" እያሉ ሲሮጡ ወደቁ። ክንዳቸው ተሰበረ።
ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። "ተባረክ" አሉኝ። ተመልሼ ስፒከሩን ከበር ላይ አነሳሁ።

ኅዳር 12
ሰዉ ሁሉ "ኃይለመስቀል ጠጥቶ ነው የነፋው" ይላል። አረቄ መውደዳቸውን ማን ያጣዋል? እሑድ እድሩ ጥሩምባውን ሊቀማቸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የነፉበትን... አሁንም እኔ ነኝ አላልኩም። በራሴ አፈርኩ።

ኅዳር 13
ጋሽ ኃይለመስቀልን መንገድ ላይ አገኘኋቸው።
"የገዛ ትንፋሼን የማላውቅ መሰለህ?"
"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"
"አንተ ትናገራለህ ብዬ።"
ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 15
የእድር ስብሰባ። ዳኛው አቶ አትናቴዎስ "ጥሩምባውን ያስረክብ" ሲሉ ተነሳሁ። እኔ ነኝ አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ።
እማማ ጠጄ ክንዳቸው በሻሽ እንደታሰረ አዩኝ። "ያነሳኸኝ አንተ አይደለህ እንዴ?" አሉ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!
ጥሩምባው እዚያው ጋሽ ኃይለመስቀል እጅ ቀረ። ቅጣቴን የፈረዱትም ራሳቸው ናቸው። "እኔ እነፋለሁ፤ ስሙን እሱ ይጥራ።"
ማታውኑ ድምፁን ከኮምፒውተሩ ሰረዝኩት።

ኅዳር 23
ንጋት ላይ ጋሽ ኃይለመስቀል በሬን አንኳኩ። ተከትያቸው ወጣሁ። ነፉ። በሮች ተከፈቱ፣ ሰው እኔን እያየ ስም ጠበቀ።
"ጥራ እንጂ" አሉኝ ቀስ ብለው።
"አቶ ቴዎፍሎስ አርፈዋል! ቀብር ስድስት ሰዓት!"
እማማ ጠጄ በራቸው ላይ ቆመዋል። እኔን አልፈው ጋሽ ኃይለመስቀልን ጠየቁ።
"እውነት ነው?"