ሽማግሌዎቹ የከበዱት ላፕቶፕ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። መርሳ።

ጠዋት ላፕቶፑን ፈታሁ። ማራገቢያው በአቧራ ታፍኗል። በቀጭን ብሩሽ ጠርጌ መልሼ ገጠምሁት። ሙቀቱ ቀነሰ። መንቀራፈፉ ግን አልቀረም። ጨዋታው ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል። እታገኝ ማውሱን ለቀቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

የሚያሳስበኝ ይኼ ነው፣ ማስታወሻዬ። ባለቤቴን እታገኝን ደም ግፊት ከጣላት ወዲህ ቀኝ እጇ ሰንፏል። የሆስፒታሉ ባለሙያ ጣቶቿን በየቀኑ ካላንቀሳቀሰች እንደደረቁ ይቀራሉ ብሎናል። ኳስ ጨብጪ ብላት ወረወረችው። ጥጥ ፈልቅቂ ብላት አለቀሰች። በፈቃዷ የምትይዘው ይኼን ማውስ ብቻ ነው። ማሽኑ ልጃችን ምሥራቅ ተማሪ ሳለች የያዘችው ነው፤ ጨዋታውንም ለእናቷ ያሳየቻት እሷ ነች። ሰው ትፈጥራለህ፣ ቤት ትሠራለታለህ፣ ታበላዋለህ፣ ታስተኛዋለህ። ለእኔ የሥራ ፈት ሥራ ነው። ግን እጇ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ጨዋታው መሄድ አለበት።

ዕድሜዬን ሙሉ ወፍጮ ያስነሣሁ ሰው ነኝ። ያለ አስተማሪ። ይኼም ከወፍጮ አይብስም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከምሽቱ 12 ሰዓት።

ወልድያ ደርሼ መጣሁ። የጨዋታውን መስፈርት መዝገበ ቃላት ይዤ አንብቤ ነበር። ራም ስምንት ጊጋ ይላል። የእኛ አራት ነው። ራም ማለት ማሽኑ የያዘውን ሥራ የሚዘረጋበት ቦታ ነው። ጠባብ ሰሌን ላይ ብዙ እህል አይሰጣም። ገባኝ።

የጥገና ቤቷ ልጅ የትኛው ዓይነት ነው አለችኝ። የላፕቶፕ ነዋ አልኋት። ማሽኑን ያምጡና ልየው አለች። እኔ ያላየሁትን አንቺ ምን ልታዪ ነው ብዬ ገዝቼ ወጣሁ።

አልገባም! ቁመቱ ልክ ነው፤ ጥርሱ ያለበት ቦታ ግን ይለያል። የእኛ ማሽን የድሮ ነው፣ የገዛሁት ለአዲሶቹ የሚሆነውን ነው። ሞረድ አነሣሁ። እታገኝ አየችኝና ሳቀች። በሞረድ! በሞረድ! እያለች። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ተናደድሁ። ግን ሞረዱን ቶሎ አላስቀመጥሁትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8።

ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እንደገና ወልድያ። ልጅቷ አልሳቀችብኝም። ራሙን ቀየረችልኝ። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥታ ኤስኤስዲ የሚሉትን፣ የማይሽከረከር ፈጣን ማስቀመጫ፣ አስገባች። የውስጡን ሁሉ ገልብጣልኛለች። የግራፊክስ ካርድ ለብቻው የለውም፣ ምስሉንም ከዚሁ ከራሙ እየተበደረ ነው የሚሠራው፣ እሱ አይቀየርም አለች። ከዚያ ጨዋታውን ከፍታ አየችው።

"አባባ፣ ይኼ ቤት ሰው በዝቶበታል። ስምንት! ማሽኑ ለእያንዳንዳቸው ነው የሚያስበው። አራቱን ቢያስወጡ ይቀልለታል።"

ልክ ነች። ወፍጮም አለልክ ካጎረሱት ይታነቃል።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ከቅዳሴ መልስ።

ማሽኑ ፈጥኖ ይነሣል። ሰዎቹ አንድ ክፍል ሲሰበሰቡ ግን ቀጥ ይላል። አራቱን አስወጪ አልኋት። የትኞቹን አለች። ሳሎን የተገተሩትን፣ እንግዶቹን አልሁ።

እንግዳ አይደሉም አለች። በዚያ በሰነፈ ጣቷ አንድ በአንድ አሳየችኝ። ይኼ ጎረቤታችን ሼህ ሙሄ። ይኼ ቄሱ። እነዚህ ሁለቱ የሰፈር ሰዎች። ሽማግሌ ናቸው። ምሥራቅን ሊጠይቁ የመጡ።



ይኼን ጽፌልህ አላውቅም፣ ማስታወሻዬ። ምሥራቅ ወልድያ ማዘጋጃ ቤት ፈርማ ካገባች ሁለት ዓመት ሆናት። ያገባት ልጅ ሽማግሌ አልላከም። ደጄን የረገጠ የለም። አባት እንደሌላት አደረጓት። እኔም ከዚያ ወዲህ ስሟን አልጠራሁም። ለእናቷ ስትደውል ከቤት እወጣለሁ።

እታገኝ ቀስ እያለች እንዲህ አለችኝ፦ "ጨዋታውማ ያለ ሽማግሌም ያጋባል። አንድ ጊዜ መጫን ነው። አንቱን ቅር እንዳይልዎ ብዬ ነው የሰበሰብኋቸው። እንግዲህ የትኛውን ላስወጣ? አንቱ ይምረጡ።"

ወጥቼ አጥር ሳጠብቅ ዋልሁ። አጥሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11።

ማንንም አላስወጣሁም። በጠዋት ተነሥቼ ማስተካከያውን ፈለግሁና የምስሉን ጥራት ዝቅ አደረግሁ። የሰዉን ጥላ አጠፋሁ። የዛፉን ቅጠል፣ የውኃውን ብልጭታ ቀነስሁ። ስምንቱም መራመድ ጀመሩ። እታገኝ እስከ ምሳ ማውሱን አልለቀቀችም።

ከሰዓት በኋላ ሙሄ ሊጠይቃት መጣ። ላፕቶፑን አዞረችለት።

"ይኼ ማነው?"

"አንቱ ነዎት፣ ሼህ ሙሄ።"

"ጢሜን ማን ላጨኝ?"

"ደምሴ ናቸው። ጥራት ቀንሰው።"

"ምቀኛ!" አለኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ አየ። "እዚህ ቤት ምን አደርጋለሁ?"

ነገረችው። ሁሉንም፣ እኔ ፊት።

"ከገባሁ ስንት ቀኔ ነው?"

"ሁለት ሳምንት አለፈዎት።"

"ያ አላህ! በዚህ ጉልበቴ ሁለት ሳምንት ቆሜ፣ ይኼ ሰውዬ ተቀመጥ አይለኝም?"

ጨዋታ እኮ ነው አልሁት።

"ለእሷ ጨዋታ ይመስልሃል?" አለ። አሁን አልሳቀም። "ሽማግሌ ከተላከ ተላከ ነው። ልጁ ባይልከኝ እናቲቱ ልካኛለች።"

የሴት ልጅ እናት ሽማግሌ ስትልክ በየት አገር ታየ ብዬ ጮኽሁ። እንግዲያው ልጁ ራሱ መጥቶ ይልከኛል አለና ምርኩዙን አነሣ። ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። እልኸኛ ሽማግሌ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ከጠዋቱ 2 ሰዓት።

መጡ። ሙሄ፣ ቄሱ፣ ሁለቱ የሰፈር ሰዎች። ጓዳ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሳሎን ቆመዋል። ሽማግሌ የመጣበትን ተናግሮ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም።

ሙሄ ደጅ ላይ፣ ሰፈሩ እንዲሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። የልጁ መልእክተኞች ነን አለ። ዘግይተናል፣ ጥፋት አለብን፣ ካሣውም ይቅርታ ነው አለ። ልጁ ትናንት ከወልድያ መጥቶ እግራቸው ላይ ወድቋል አሉ። እሱና ምሥራቅ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጠው መልሴን ይጠብቃሉ።

እታገኝ ዛሬ ላፕቶፑን አልከፈተችም። ነጠላዋን ለማጣፋት ከቀኝ እጇ ጋር ትታገላለች። ላግዝሽ ብላት በዓይኗ መለሰችኝ።

ወጉ ቀጠሮ መስጠት ነው። አስበንበት እንመልሳለን፣ ሌላ ቀን ኑ ማለት። ሦስት ጊዜ ማመላለስ መብቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሽማግሌ ቢመጣ የማደርገውን ሳስብ ይኼንኑ ነበር የማስበው። ንግግሬ ሳይቀር ተዘጋጅቷል።

ሙሄ ጉልበቱ እንደሆነ አይረባም። ቄሱም አርጅተዋል። ሽማግሌ ማንገላታት ደግ አይደለም።

ደግሞም ሊጠይቁኝ መጥተዋል። በእኔ ደጅ። ሰፈሩ አይቷል።

አጣፋችው። ራሷ። ቆማ ታየኛለች። ልወጣ ነው። ተቀመጡ ልበላቸው፣ ከዚያ አንድ ሰው ወደ መናኸሪያው ቶሎ ሄዶ ይጥራቸው።