ሦስት ሰባት ይዤ

ለወንድምዓለም እንዳለው፤

ካለህበት ሻርጃ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ሰነበትክ? ሙቀቱስ በረደላችሁ? እህል ይበላልሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ሕመሙስ እንዴት አደረገህ? ለእምዬ በግራ ጎኔ ነው አልካት፣ ለእኔ ደግሞ በቀኝ ብለኸኛል፤ የትኛው እንደሆነ ስላላወቅኩ ለሁለቱም ጸልያለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱን ዘንድሮ ውርጭ አልመታውም፣ ታጭዶ ተከምሮ አሁን እየተወቃ ነው። እምዬም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት።

ይህን ሁሉ በስልክ ያላልኩህ ለምን ይመስልሃል? ወሬው ወደ አንተ በተጠጋ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል። ስለ ገብሱ ስናወራ ግን ተቋርጦ አያውቅም። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል ብያለሁ።

እንግዲህ ስማኝ። ላሊበላ የምሠራበት ሆቴል አሁንም ጭር እንዳለ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ቁጭ ብዬ በሩን ሳይ እውላለሁ። አንተ ከመሄድህ በፊት ያስተማርከኝን የካርታ ቁማር፣ ፖከርን፣ በስልኬ መጫወት የጀመርኩትም ሥራ ብፈታ ነው። ጨዋታው ውስጥ ሐበሾች ብቻ የሚገቡበት ክፍል አለ። ሴት መሆኔን እንዳያውቁ «ጎበዜ» ብዬ ገባሁ። ይህን የሚያውቀው ሆቴላችን የሚመላለሰው አስጎብኚ፣ ሰውአገኝ ብቻ ነበር።

አንተ እምዬን «ታምሜ ከሥራ ወጥቻለሁ፣ ለሕክምና ላኩልኝ» ባልካት ሰሞን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ጨዋታ ገጠመኝ። በእጄ ሁለት ሰባት ነበረኝ፤ ለሁላችንም ጠረጴዛው ላይ ከተገለጡት ሦስት ካርታዎች አንዱ ሌላ ሰባት ሆነልኝ። ሦስት ሰባት ጥሩ እጅ ነው፤ ግን አጥር እንደሌለው ቤት ነው። ከወጡት ካርታዎች ሁለቱ ቀይ ልብ ነበሩ። ሌላ ልብ ከተጨመረ፣ በእጁ ሁለት ልብ የያዘ ሰው አምስት ልብ ሞልቶለት ይበልጠኛል። ጥቂት ገንዘብ ባስይዝ ሁሉም በርካሽ ይከተሉኛል። ብዙ ባስይዝ ደግሞ ይሸሹና እንዲህ ያለው እጅ በትንሽ ትርፍ ያልፍብኛል። ከትርፉ ጥንቃቄው ይሻለኛል ብዬ ብዙ አስያዝኩ። ሁሉም ሸሹ፤ «ዋርካ» የሚባል አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

አራተኛው ካርታ ልብ ሆኖ ወጣ። ክው አልኩ። ዋርካ ጊዜ ሳይወስድ ያለውን ሁሉ ወደ መሃል ገፋው። ብከተለውና ብሸነፍ ባዶዬን መቅረቴ ነው። ግን ተጠራጠርኩ። እውነት ልብ የያዘ ሰው እንዲህ ያስፈራራል? ዝም ብሎ ያደፍጣል እንጂ። ልከተለው ጣቴን ሳነሳ፣ መልእክት መጻፊያው ላይ «ተይው፣ ይቅርብሽ» ብሎ ጻፈ።

ጎበዜን «ተይው»! ወዲያው ካርታዬን ጣልኩ። እሱም ማሳየት ሳይኖርበት የራሱን ገልጦ አሳየኝ፤ ጥቁር ዘጠኝና ጥቁር ሁለት፣ ባዶ እጅ። በባዶ እጅ አስፈራርቶ፣ አሸንፎ ሲያበቃ ካርታውን ገልጦ የሚያሳይ ሰው በዕድሜዬ የማውቀው አንድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሰውአገኝን ነው የያዝኩት። «ጎበዜ እኔ መሆኔን ለማን ነገርክ?» ስለው ማለ፣ ተገዘተ፣ ይባስ ብሎ ተቆጣኝ። በማግስቱ ግን ራሱ መጣና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እንዳለው ደውሎ በምን ስም እንደምትጫወቺ ጠየቀኝ። ወንድሟ አይደል ብዬ ነገርኩት። ክፉ ነገር አልመሰለኝም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳገላብጠው እውላለሁ። ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሄደህ አባ ወልደ ኪዳን ፊት «ሁለተኛ ካርታ አልነካም» ያልከው ለማን ነበር? ምናልባት እኔን አስደንግጠህ ከዚህ ነገር ልታስወጣኝ ገብተህ ይሆናል። እንዲያ ቢሆን ደስታዬ ነው። ግን በሽተኛ፣ ሥራ የፈታ ሰው ያን ሁሉ ገንዘብ ከየት አምጥቶ ገፋው? ደግሞም ሌሎቹን ተጫዋቾች ስለ ዋርካ ብጠይቃቸው፣ «ከሁላችን ቀድሞ ገብቶ ከሁላችን በኋላ የሚወጣው እሱ ነው» አሉኝ።

እምዬ ዳለቻውን በሬ ኮን ገበያ አውጥታ ልትሸጥልህ ተነስታ ነበር። ከገበያው ቀን በፊት እሷ ዘንድ ደርሼ «ይቆይ» አልኳት። «ልጄ እየሞተ በሬ ምን ያደርግልኛል?» ብላ አለቀሰች። ስለ ካርታው አንድም ነገር አልነገርኳትም። «የሐኪም ወረቀቱን ይላክልን፤ ያን ጊዜ እኔው ነድቼ ወስጄ እሸጠዋለሁ» ብቻ አልኳት። ወደ ላሊበላ እስክመለስ ድረስ አኩርፋኝ ከረመች። ጎረቤቱም በወንድሟ ጨከነች እያለ ያማኛል። በሬው ግን አልተሸጠም፤ ሰሞኑን ገብሱን ያበራያል። እኔም ጨዋታውን ከስልኬ አጥፍቼ ለአባ ወልደ ኪዳን ተናዝዣለሁ።

ይህን ደብዳቤ ይዛልህ የምትመጣው የጎረቤታችን ልጅ ባንችይርጋ ናት። ከአንተ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ፣ አንተንም ሳታይ እንዳትሄድ አስምያታለሁ። ታመህ ካገኘችህ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምንሃለሁ፣ በሬውም ያኔውኑ ይሸጣል። ደህና ሆነህ ካገኘችህ ግን ለእምዬ ደውለህ በገዛ አፍህ ንገራት። እኔ አልነግርልህም።

እምዬ ከእንባዋ ጋር ሰላም ብላሃለች፤ ስምህን ሳትጠራ አትተኛም። ታናሻችን ንጋት ትስምሃለች፣ ትምህርቷንም በርትታ ይዛለች። አጎታችን ታፈረ ሰላም ብለውሃል፤ ስልካቸውን ለምን እንደማታነሳ ግን ጠይቂልኝ ብለዋል። ሰውአገኝ ሰላምታ አልላከም፣ አፍሯል። አብሮህ ለሚኖረው ለገብረ ዮሐንስ ሰላም በልልኝ አልልህም፤ ስለ ሕመምህ ለእሱ ለብቻው ጽፌለታለሁ፣ ባንችይርጋ ትሰጠዋለች። አንተ እንዳትከፍተው።

እህትህ የሺሃረግ
ላሊበላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.