ለአቶ ዋለ ንገሩልኝ

ቅዳሜ፣ መስከረም 30 ቀን 1974 ዓ.ም.፤ ሆሳዕና

ዝናቡ አቆመ። ሣሩ ገና አልታጨደም፣ ቢሆንም የጨዋታ ወቅቱን ዛሬ ጀመርን። የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች፣ አሥራ አራት ሰው፣ ትንሹ አርባ ሁለት ዓመቱ። ጠዋት እግር ኳስ፣ ከሰዓት ጎልፍ። ጎልፉን ያስተማረን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ሰባት ዱላና አንድ ከረጢት ኳስ ትቶልን ሄደ። ዱላዎቹ ዛሬም ሰባት ናቸው፣ ሁለቱ የወይራ እጀታ ቢገባላቸውም። ኳሶቹ ግን አሥራ አንድ ቀርተዋል። በየኳሱ ላይ የባለቤቱን ስም መነሻ በቀይ ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስድስት ጉድጓድ፣ በየአንዳንዱ ውስጥ የዱቄት ወተት ጣሳ። ርቀቱን በሜትር የለካሁት እኔ። የሕጉን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩትም እኔ ብቻ… አንድም ሰው አመስግኖኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ የአወል ኳስ ጠፋ። አወል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ አንድ ዴስክ ላይ የተማርን። አርባ ዓመት ሊሆነን ነው። «እዚህ ሲወድቅ አይቻለሁ» አለ። ስንደርስ የለም።

«ቁራ ወሰደው።»

«ምን?»

«ቁራ! ማጅራቱ ነጭ የሆነው። ወላሂ አንስቶት ሄደ!»

ጮህኩ። ቁራ ደግሞ ጎልፍ መጫወት ጀመረ? ውሸታም! አልኩት። በሰው ሁሉ ፊት።

ዱላውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። አልወረወረም፣ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ መኪናው ሄደ።

ልክ ነበርኩ። ማስረጃ የሌለው ነገር ተቀባይነት የለውም። ታዲያ እራቴ ለምን አልዋጥ አለኝ?

እሑድ፣ ጥቅምት 1

ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ እሑድ ረዝማለች። ስብሰባ ሞላት። የማኅበራችን ኮሚቴ ዛሬ ትምህርት ቤት ተሰበሰበ። አጀንዳው እኔ!

ጸሐፊው ተገኘ ነው፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር። መርፌ ሊወጋ እንደመጣ ሰው ቀስ ብሎ ይናገራል።

«ጓድ ዋለ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ በሰው ላይ እንደጮህክ ልንቆጥር ሞክረን ነበር።»

«ስንት ሆነ?»

«ወረቀቱ አለቀ።»

ሳቁ። እኔ ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም። ለማንኛውም ተወሰነ፦ እስከ ጥምቀት ድረስ አንድ ጊዜ በአባል ላይ ከጮህኩ ፊሽካውን፣ የሕጉን መጽሐፍና የቡድን መሪነቱን አስረክባለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት የያዝኩትን!

አወልም መጥቶ ነበር። «በረኛ እቆማለሁ፣ ለቡድኑ ስል» አለ። «በአላህ ምዬ የነገርኩትን ውሸት ካለ ሰው ጋር ግን፣ ቃሉን እስኪመልስ ድረስ አልነጋገርም።»

አልመልስም አልኩ። በዝግታ አልኩ።

ጵርስቅላ ይህን ደብተር ትናንት ማታ ነው የሰጠችኝ። «እዚህ ውስጥ ጩህ። እኛም እንረፍበት» አለች። ሚስት!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3

የትምህርት ቢሮው ተላላኪ ሻይ ሪፖርቴ ላይ ደፋ። የሁለት ሳምንት ሥራ፣ ዘጠኝ ትምህርት ቤት በእግሬ ዞሬ የመረመርኩበት። አልጮህኩም። ውሳኔው ቢሮን አይመለከትም፣ ግን ለልምምድ ይሆናል። «ግድ የለም» ስለው ልጁ ደነገጠ። ታመው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14

የቀበሌው የጎልፍ ፈቃድ ወጣ። ሊቀመንበሩ ጎልፍ የከበርቴ ጨዋታ ነው ብሎ ሁለት ሳምንት ይዞብን ነበር። ተገኘ የወይራ እጀታዎቹንና የወተት ጣሳውን ይዞ ሄደና ጠረጴዛው ላይ ደረደረለት። «ይህማ የድሀ ነው» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈ።

ልምምድ ላይ አወል ጎሉን ትቶ እስከ መሐል ሜዳ ይወጣል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልለቀቀው አመል! ልጮህ አፌን ከፈትኩ… ዘጋሁት። ወደ ተገኘ ሄጄ፣ «ወደ ጎሉ ይመለስ በለው» አልኩ። ተገኘም ነገረው። አወል ከእኔ አምስት እርምጃ ላይ ቆሞ፣ «ለአቶ ዋለ ንገሩልኝ፣ ሰምቻለሁ» አለ።

አቶ ዋለ! አቶ ብሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 26

አወል ዛሬም አላናገረኝም።

ገበያ ላይ አየሁት። ሙዝ እየገዛ ነበር። ባለሙዟን፣ «ለእኚህ ሰውዬ መንገድ ልቀቂላቸው» አላት። እኚህ ሰውዬ…

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ዱራሜ ደርሰን መጣን። በየዓመቱ ከዱራሜ የቀድሞ ተማሪዎች ጋር አንድ ዋንጫ እንጫወታለን። እግር ኳሱ እዚያ፣ ጎልፉ እዚህ። ሁለቱንም ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ካልሆነ ዋንጫው ካለበት አይነሳም። ካለበት ማለት የዱራሜው ቡድን መሪ የአበራ ቢሮ ነው፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። እነሆ ሰባት ዓመት።

የሄድነው በአወል መኪና ነው። ጋቢናው ባዶ። በሩን ስይዝ፣ «ለአቶ ዋለ ንገሩልኝ፣ ጋቢና ሞልቷል» አለ።

«በማን ሞላ?» አለ ተገኘ።

«በጃኬቴ።»

ከኋላ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ! አቧራው ቅንድቤን አነጣው። ጃኬቱ ግን ተመችቶት ሄደ።

የአበራ ቢሮ ገብቼ ዋንጫውን አየሁት። ውስጡ ጠመኔ ሞልቶበታል። ጠመኔ! «ለሥራ መዋል አለበት ብዬ ነው እኮ» አለ አበራ እየሳቀ። ጠረጴዛውን ይዤ እስከ ሃያ ቆጠርኩ።

ጨዋታው ሁለት ለአንድ። አሸነፍን! ሊያበቃ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። መቺው አበራ ራሱ። አወል ሃምሳ ሦስት ዓመቱን ረስቶ እንደ ድመት ተወርውሮ አወጣት። ሮጬ ላቅፈው ስል ትዝ አለኝና መሐል ላይ ቆምኩ። «ተገኘ፣ ጎበዝ በለው።»

«ለአቶ ዋለ ንገሩልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ስንመለስም ከጃኬቱ ኋላ ነበርኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 20

ጵርስቅላ ጠየቀችኝ። «አወል ስንት ጊዜ ዋሽቶህ ያውቃል?»

አሰብኩ። አሥራ አራት ዓመት ሆኖን የሚሲዮኑን መስኮት የሰበርን ጊዜ… እኔ አላየሁም አልኩ። እሱ «የሰበርኩት እኔ ብቻ ነኝ» አለ። የሁለታችንንም ግርፋት ብቻውን ቀመሰ።

«አንድ ጊዜ» አልኳት። ግን ቁራ! ቁራ ኳስ ምን ያደርግለታል?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 24

ዛሬ የሆነውን በሥርዓት ልጻፍ።

ከዱራሜ ጋር ጎልፉ አራት ሰው ለአራት ሰው ነበር። የሁሉም ምት ተደምሮ ያነሰው ያሸንፋል። የመጨረሻዎቹ ተጫዋቾች እኔና አበራ። ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ በአንድ ምት እየመራን ነው። አበራ ጉድጓዷን በአምስት ምት ጨረሰ። እኔም በአምስት ከጨረስኩ ዋንጫው ሆሳዕና ገባ!

የመጀመሪያው ምቴ የተዋጣ ነበር። ሁለተኛውን… ስመታው አወቅኩት። ወደ ግራ ታጠፈና አጥሩን አልፎ የሜዳው ጎረቤት የወይዘሮ ከድጃ እንሰት ውስጥ ገባ።

መጽሐፉ፣ ኳሱ የወደቀበት ገብተህ ምታ ይላል። ሮጬ አጥሩ ጋ ስደርስ ግን ከውስጥ የሴቶች ሳቅና የመፋቂያው ድምፅ ተሰማኝ። እንሰት እየፋቁ ነው። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ ድርሽ አይልም። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም።

«ማነው እዚያ?» ወይዘሮ ከድጃ ናት። ለሊቀመንበሩም ለማንም «አንተ» ነው የምትለው።

«ዋለ ነኝ፣ ከትምህርት ቢሮ። ኳሴ ገብቶ ነው…»

«እንዳትገባ! እኔ አወጣልሃለሁ። የትኛው ነው ያንተ?»

«የትኛው ማለት?»

«እዚህ አራት አለ!»

አንድ በአንድ በአጥሩ ላይ ወረወረቻቸው። የእኔ ተንከባልሎ ከጉድጓዱ አሥር እርምጃ ላይ ቆመ። ሌሎቹን ለቀምኩ። አንደኛው ከዝናብ ብዛት ቢጫ ሆኗል። አገላበጥኩት። በቀይ ቀለም፣ በራሴ እጅ ጽሕፈት፦ አወ።

«ይህ እንዴት እዚህ መጣ?»

«ቁራው ነዋ! እንቁላል ይመስለዋል። አልሰበር ሲለው እኛ ላይ ይጥለዋል። መስከረም ላይ ይችን ሂሩትን አናቷን ብሏት ሳምንት ሙሉ አበጠ!»

ከውስጥ ሂሩት ስትራገም ሰማሁ። ሴቶቹ ሳቁ።

ከሁለተኛው ጉድጓድ እስከዚህ አጥር ሦስት መቶ አሥር ሜትር ነው። የለካሁት እኔ ነኝ። በወይራ እጀታ ሦስት መቶ አሥር ሜትር የሚመታ ሰው አልተወለደም።

ሁሉም ከኋላዬ ቆመዋል። አወልም። ኳሱን ያዝኩ።

«ተገኘ፣ ለአቶ አወል ንገርልኝ…»

«ምን ልበለው?»

«ውሸታም ያልኩትን መልሻለሁ በለው። ጥፋቱ የእኔ ነው በለው።»

«ምን አለ?» አለ አወል ወደ ተገኘ ዞሮ።

«ሰምተኸዋል።»

«አልሰማሁም። ያን ጊዜ ፎንቆ ከተማ ድረስ ተሰምቶ፣ አሁን ሲያንሾካሹክ ማን ይሰማዋል? ቃሏን እንዳመጣጧ ይመልሳት።»

ተገኘን አየሁት። «ጸሐፊ፣ ይፈቀዳል?»

ወደ ኮሚቴው ዞር አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለአንድ ጊዜ ብቻ።»

ሳንባዬ የያዘውን ያህል ጮህኩ። «አወል! ቁራው ነው! አጥፍቻለሁ! ይቅር በለኝ!»

ከእንሰቱ ውስጥ እልልታ ቀለጠ። ከግጦሹ ላይ ሁለት ላሞች በረገጉ። አወል መጥቶ ኳሱን ከእጄ ወሰደና ኪሱ ከተተው። «አሁን ሰማሁ» አለ። አቀፈኝ። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ናፍቆኝ ነበር።

ከዚያ አበራ፣ «በል ምታና እንጨርስ» አለ። ኳሴ ከጉድጓዱ አሥር እርምጃ ላይ ናት። ሁለት ምት ብቻ!

አይሆንም አልኩ። በእጅ የተወረወረ ኳስ አይቆጠርም። አንድ ምት ቅጣት፣ ከበፊቱ ቦታ እንደገና።

ከተኳረፍን ሦስት ወር ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አወል በቀጥታ የተናገረኝ ሁለተኛው ነገር ይህ ነበር፦ «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ሴትዮዋ አውጥታልሃለች፣ አበራ ፈቅዶልሃል፣ ምታው! አንተ ግትር! አንተ የወይራ ጉቶ!» ሁሉም ጮኹብኝ። ተገኘ እንኳ። ከአጥሩ ውስጥ ወይዘሮ ከድጃም።

ወደ ኋላ ተመልሼ መታሁ። በስድስት ጨረስኩ። አቻ። ዋንጫው ዱራሜ ቀረ።

«እኔ ደግሞ ጠመኔውን የት አደርገዋለሁ ብዬ ተጨንቄ ነበር» አለ አበራ።

ሳቅኩ። ምን ነካኝ?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 25

እንግዶቹ አድረው ነበር። ጠዋት አወል ወደ ዱራሜ ሊያደርሳቸው ተነሳ። ተገኘና እኔም ለመሸኘት። እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ልወጣ ጎማው ላይ እግሬን ሳሳርፍ የጋቢናው በር ተከፈተ። ጃኬቱን ለብሶታል።

«ግባ እንጂ! ምን ይገትርሃል?»

ገባሁ። ሌሊት ከሕጉ መጽሐፍ መጨረሻ፣ ባዶው ገጽ ላይ የጨመርኩትን አነበብኩለት። «ኳሱን ቁራ የወሰደበት ተጫዋች፣ ኳሱ በነበረበት ቦታ ሌላ አስቀምጦ ያለ ቅጣት ይመታል። ማስረጃ አይጠየቅም።»

«የመጨረሻዋን ድገማት።»

ደገምኳት።

«አንድ ጊዜ ደግሞ።»

ሦስተኛም አነበብኩ። ከዚያ ስለ ስድስተኛው ጉድጓድ ተነሳ። አቻ ማለት ግማሽ ዋንጫ ነው፣ በየስድስት ወሩ እንካፈለው ይላል አወል። የት ነው የተጻፈው? አልኩ። ይጻፋ! አለ። ይጻፋ?! ጉባኤ የሌለበት ሕግ?! ጋቢናው ተናወጠ።

ተገኘ ከኋላ ጣራውን ደበደበ። «ማነው የሚጮኸው? ጥምቀት ገና ነው! ቃለ ጉባኤ ልያዝ?»

አወል አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እኔ ነኝ!»

የጮህኩት እኔ ነበርኩ። አወል ሲዋሽ የሰማሁት ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው እንግዲህ… የመጀመሪያው የሚሲዮኑ መስኮት ነበር።