ያልገባቸውን ሳይደብቁ ያስተማሩት እናታችን

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ለቤቱ አራተኛ ልጅ ሆነው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ጥያቄ ከማብዛታቸው የተነሳ አባታቸው «ወይዘሪት ለምን» ይሏቸው ነበር። ትምህርታቸውን በዚያው ሰፈር አጠናቀው፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁ። በዓመቱ ከአናጺው አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ከእርሻ መንደሮች አጠገብ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ከተማሪዎቻቸው እኩሌታው የሜኖናይት እምነት ተከታዮች፣ ከዘመናዊ ኑሮ ርቀው በጥንቱ ወግ የሚኖሩ ገበሬ ክርስቲያኖች፣ ልጆች ነበሩ፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውን በነጭ ሻሽ የሸፈኑ፣ ወንዶቹ ባለማንገቻ ሱሪ የለበሱ። እናታችን ስለ እምነቱ የሚያውቁት አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት የክፍሉን ፎቶግራፍ ሊያነሱ ቢያሰልፏቸው እነዚያ ልጆች ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። እናታችን ንቀት መስሏቸው ዕረፍት ከለከሏቸው። በማግስቱ የአንዷ ተማሪ አባት፣ ወተት አከፋፋዩ፣ መጡ። እናታችን ለጠብ ተዘጋጅተው ሲጠብቁ ሰውየው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ፎቶ መነሣት ሰውን በራሱ እንዲኮራ ያደርገዋል ብለው እንደሚያምኑ በዝግታ አስረዱ፤ ሲወጡም የላላውን የመስኮት ማጠፊያ አጥብቀውላቸው ሄዱ። ቢቆጧቸው ይሻላቸው እንደነበር እናታችን ደጋግመው ነግረውናል። ልጆቹን ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ከመጀመራቸው በፊት ወላጆችን ቤታቸው ድረስ ሄደው መጠየቅ ልማዳቸው ሆነ።

መጠየቅ ግን ሁሉን አላቀለለላቸውም። የወተት አከፋፋዩን ልጅ በሂሳብ የሚስተካከላት አልነበረም፤ የመንደሩ ሰዎች ደግሞ ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በላይ አያስተምሩም። እናታችን ቤታቸው ሄደው አንድ ዓመት እንኳ እንዲጨምሩላት ለመኑ። አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። መልስ የሰጠችው ልጅቷ ነበረች፦ «መምህርት፣ እኔም ቤቴን ነው የምፈልገው።» ከልቧ ይሁን አባቷን ላለማስቀየም፣ እናታችን ሳይለይላቸው ተመለሱ። ቢገፉ የሰው ቤት መዳፈር፣ ቢተዉ ልጅቷን መካድ ሆነባቸው። ተዉ። ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት አስተማሩ፤ በዚያ ቀን ነገር ግን ግራ እንደገባቸው ኖሩ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሆስፒታል በተኙበት ሰሞን ያቺ ተማሪ፣ ዛሬ የአምስት ልጆች እናት፣ ልትጠይቃቸው መጣች። እናታችን የልባቸውን ጠየቋት፦

«ልጄ፣ ያኔ ዝም ማለቴ በድሎሻል?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አንዳንድ ቀን አዎ ይመስለኛል። ሌላ ቀን ደግሞ ስለተዉኝ አመሰግንዎታለሁ።»

«እኔም እንዳንቺው ነኝ» ብለው እጇን ያዙ፤ እስክትሄድም አልለቀቋትም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና ቁጥራቸውን የማናውቃቸውን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። እኛ ያልገባንን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።