በበረንዳዎ ላይ ስላሳደሩን የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር ባላምባራስ ተካ ወልደ ሰንበት፣
የመልካ ዳዲ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሹም፣ የጊዜያዊ መጠለያ ቦታ አፈላላጊ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ የግራጫዋ በቅሎ ጌታ።

ሰኔ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

እንዴት አደሩ? ባለቤትዎ ወይዘሮ የሺወርቅ እንዴት አደሩ? ከብቶችዎ፣ ይልቁንም ግራጫዋ በቅሎዎ እንዴት አደረች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእርስዎ በረንዳ፣ በእርስዎ ሳሎንና በእርስዎ በቅሎ ጋጣ ውስጥ ደኅና አድረናል። ጤናዎን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ብቻ እንዳይመስልዎ እለምናለሁ፤ ትናንት ማታ መኝታ ቤትዎ ውስጥ ሲያስሉ በግድግዳው በኩል ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ። ዝንጅብል በማር ይውሰዱበት።

ጸሐፊው እኔ ገቢሳ ጨመዳ፣ በገበያው ዳር ልብስ ስሰፋ የኖርኩ የከተማዎ ሰው ነኝ። ደብዳቤዬን በግልጽ የምጽፈውና ግልባጩን በገበያው ዋርካ ላይ የምለጥፈው፣ በእርስዎና በእኛ መካከል ከአሁን ወዲያ ግድግዳ እንጂ ምሥጢር ስለሌለ ነው።

ነገሩን ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ከመጀመሪያው ላስረዳ። በሚያዝያ ወር ታላላቅ እንግዶች ከነቀምት ተነሥተው በዲጋ በኩል በከተማችን ያልፋሉ ተባለ። የሣር ጎጆ የእንግዶቹን ዓይን እንዳይወጋ በማለት፣ በገበያው ዳር የነበሩት ቤቶቻችን እንዲፈርሱ ክቡርነትዎ አዘዙ፤ ፈረሱም። እንግዶቹ መጡ። ከፈረሱት ቤቶቻችን የተነሣው አቧራ ብርቱ ስለ ነበር የመኪናቸውን መስኮት ዘግተው፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዩ አለፉ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በእኛ ሙያ መጀመሪያ ይለካል፣ ከዚያ ይቆረጣል። በማዘጋጃ ቤት ሙያ ግን መጀመሪያ ይቆረጣል፣ ከዚያ ኮሚቴ ይቋቋማል። ይህን ሳላውቅ በማርጀቴ አፍራለሁ።

ኮሚቴውም ተቋቋመ። ስብሰባው ሁልጊዜ የሚያልቀው «ነገሩ ለነገ ይደር» በሚል ቃል እንደ ነበር፣ በመስኮቱ ሥር ቆመን የምንጠብቅ ሁላችን እናውቃለን። ነገሩ በማዘጋጃ ቤቱ ደረቅ ጣሪያ ሥር ተመችቶት ያድር ነበር፤ ውጭ የምናድረው እኛ ነበርን። ባለቤቴ ወርቂቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ክረምቱም እርሷም አብረው ይገፋሉ። የእኔ ጭንቀት እንግዲህ አንድ ብቻ ነው፤ ልጃችን ሲወለድ ከላዩ የማያፈስ ጣሪያ እንዲኖር።

ኮሚቴው ለመረጠልን ቦታዎች ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ገበያው ሜዳ እናመሰግናለን። ሜዳው ሰፊና ደልዳላ ሆኖ አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ ገበያ ይቆምበታል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በጧት ሸራችንን ነቅለን ዳር እንቆም ነበር፤ ማታ የፍየሉን በጠጥ ጠርገን መልሰን እንተክል ነበር። በሌላ አገር ሰው ቤት አልባ የሚሆነው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው፤ ለእኛ ግን በየሳምንቱ እንድንሆን ተፈቀደልን። ከኑኑ ቁምባ የመጣች አንዲት ቅቤ ነጋዴማ፣ ወርቂቱ አረፍ ያለችበትን ፍራሽ ለሽያጭ የቀረበ መስሏት «ሜቃ?» ብላ ዋጋውን ጠይቃታለች። ወርቂቱም፣ ምናልባት ቤት ካለሽ እኔን ጨምረሽ ውሰጂው አለቻት።

፪ኛ/ ስለ ወንዙ ዳር ጨፌ በተለይ እናመሰግናለን። ኮሚቴው ቦታውን የመረጠው «ለውሃ ቅርብ ነው» ብሎ መሆኑን ሰምተን ነበር፤ እውነትም ቅርብ ነው። የግንቦት ዝናብ ሲጥል ወደ ውሃው መሄድ እንኳ አላስፈለገንም፤ እርሱ ራሱ መጥቶ አልጋችን ሥር ተኛ። እዚህ ላይ ቀልዴን ለጥቂት ላቁም፣ ክቡር ሆይ። ወርቂቱን ውሃው ጉልበቷ ደርሶ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ሳያት ፈርቻለሁ፤ ተናድጃለሁም። ንዴቱ ኋላ በረደልኝ፤ ፍርሃቱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

፫ኛ/ ስለ ቡና መጋዘኑ ደግሞ ሳይሰጠን ስለ ቀረ እናመሰግናለን። መጋዘኑ የወይዘሮ የሺወርቅ ወንድም ንብረት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሳንቃ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ለኮሚቴው እንዳስረዱት ቡና ሽታ ይስባል፤ ሰው ያደረበት እንደ ሆነ ቡናው ሰው ሰው ይላል፣ ገዢም ያጣል። መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ ያለፈው ቡና ተሽጦ አልቋል፣ የዘንድሮው ገና ዛፉ ላይ ነው። ገና ላልቀላ ቡና ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ነጋዴ ያላት ከተማ ምንኛ የታደለች ናት።

የመቃብሩን ነገር በቁጥር ማስገባት ስለ ከበደኝ እንዲሁ አነሣዋለሁ። የደብሩ አለቃ በወንጌላውያኑ መቃብር ዳር ያለውን ባዶ መሬት፣ ወንጌላዊው ደግሞ በደብሩ መቃብር ዳር ያለውን ባዶ መሬት፣ ሁለቱም በታላቅ ልግስና ሰጡን። እነዚህ ሁለት የተከበሩ አባቶች በአንድ ነገር ተስማምተው ያየናቸው ያን ዕለት ነው፤ የተስማሙትም እኛ ወደ ጎረቤት እንድንሄድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ እመጣለሁ። ኮሚቴው ፈልጎ ያጣውን ቦታ ክቡርነትዎ በአንድ ቃል አገኙልን።

ከጨፌው ወጥተን፣ ርሰን፣ በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ተሰብስበን በቆምንበት ቀን፣ እርስዎ ወደ ደረጃው ወጥተው «አይዟችሁ! ከዛሬ ጀምሮ እኔ ራሴ አስተዳድራችኋለሁ!» አሉ። ዘበኛዎ ጆቴም እንደ ልማዱ ለሕዝቡ በኦሮምኛ ሲያሰማ «አኒ ኢሲን ቡልቻ!» አለ። ጆቴ አልዋሸም፤ አንዲት ቃል አላጣመመም። በኦሮምኛ ማስተዳደርም፣ የመሸበትን ሰው አስጠግቶ ማሳደርም፣ አንድ ቃል ነው። አባቶቻችን ይህን ቃል ሲያወጡ፣ ሰው የማያሳድር አስተዳዳሪ ይመጣል ብለው አላሰቡም ይሆናል። አማርኛውስ ቢሆን? አስተዳዳሪና አሳዳሪ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንደኛው ሲሾም ሌላኛውን ረስቶት ካልሆነ በቀር።

የሁላችን እናት የሆኑት ባልቴቷ አዴ ድርቤ ጆሯቸውን አላመኑም። «ዱጋዳ? እውነት ነው?» ብለው ጠየቁ። እርስዎም ቃልዎ በመጠርጠሩ ተቆጥተው «በሥላሴ! እስከ ሹመቴ ፍጻሜ አስተዳድራችኋለሁ፤ ማንም አይከለክለኝም!» አሉ። ጆቴ ይህንንም በታማኝነት መለሰው። እልልታው ዲጋ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እርስዎ ስለ ንግግርዎ ማማር የተደነቁ መስሎዎት ባርኔጣዎን አንሥተው እጅ ነሡ፤ እኛ ደግሞ ይህን ያህል ትሕትና ያለው ሹም አይተን ስለማናውቅ አለቀስን። በኋላም ፍራሻችንን፣ ድስታችንንና የስፌት መኪናዬን ተሸክመን ወደ ቤትዎ ሄድን።

ወይዘሮ የሺወርቅን እንዴት አድርጌ ላመስግናቸው? ክቡር ባላምባራስ አስጠግተውን ነው ብንላቸው አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። የጎጃም ሰው ናቸውና «ኧረ ግቡ፣ ግቡ! እንግዳ በዝናብ ይቆማል እንዴ?» ብለው ሳሎኑን ከፈቱ፣ ወርቂቱንም ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጡ። እርስዎ ከማዘጋጃ ቤት ሲመለሱ አዴ ድርቤን በወንበርዎ ላይ አገኟቸው። እርሳቸውም ዓይናቸው ደካማ ስለ ሆነ እርስዎን ሳይለዩ፣ እንደ አገራቸው ወግ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ሴና፣ ሴና! ይግቡ!» አሉዎት። በገዛ ቤቱ እንኳን ደኅና መጣህ የተባለ ሹም ብዙ የለም፤ ይህንንም በመልካም ሥራዎ ያገኙት ነው።

በማግስቱ ስሕተቱን ለማረም ያሳዩትን ትጋት ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ሁላችንን በግቢዎ ሰብስበው «እኔ አስተዳድራችኋለሁ አልኩ እንጂ አሳድራችኋለሁ አላልኩም!» አሉ። ጆቴ ብዙ አሰበ፤ ላቡ ሲንቆረቆር በዓይናችን አየን። በመጨረሻ ያለውን አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ተጠቅሞ «ኒን ቡልቻ መሌ ሂን ቡልቹ» አለ፤ ይኸውም «አሳድራለሁ እንጂ አላሳድርም» ማለት ነው። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። አዴ ድርቤ ግን ራሳቸውን በሐዘን ነቅንቀው፣ «ምስኪን ጌታ፤ ሥራ በዝቶበት ነው። ነገሩ ለነገ ይደር» አሉ። ከኮሚቴዎ የተማሩትን ቃል እንዲህ በቦታው ሲያውሉት ኮራሁባቸው።

፬ኛ/ ይህ እንግዲህ ልመናዬ ነው። ትናንት በጆቴ በኩል የላኩት ትእዛዝ ደርሶናል፤ እስከ ቅዳሜ ድረስ ወደ ጨፌው እንድንመለስ ይላል። ትእዛዙን በአክብሮት ተቀብዬ፣ ከመሄዳችን በፊት ግን የኮሚቴው ሊቀ መንበር አንድ ቦታ እንዲመረምሩልን እለምናለሁ። ቦታው ደረቅ ነው፤ ውሃው በጉድጓድ ውስጥ ነው እንጂ አልጋ ሥር አይመጣም። ገበያ አይቆምበትም። መቃብር የለበትም። ቡና የለበትም፤ ያለችው በቅሎ ናት፣ እርሷም ስለ ሽታችን እስካሁን አቤቱታ አላቀረበችም። ኮሚቴው ከወራት ፍለጋ በኋላ የጻፋቸውን መመዘኛዎች ሁሉ የሚያሟላ እንዲህ ያለ ቦታ በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ እርስዎም ዛሬ ጧት በመስኮቱ ብቅ ብለው እንዴት አደራችሁ ያሉን ከዚያው ቦታ ነው።

ለዘላለም እንኖርበታለን አንልም። ዝናቡ እስኪያቆም፣ እኛም በፈረሱት ቤቶቻችን ቦታ ላይ መልሰን እንድንሠራ እስኪፈቀድልን ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ እኔ የቤትዎን መጋረጃ፣ የልጆችዎን ቁምጣና ኮሌታው ያረጀውን ካፖርትዎን በደስታ እሰፋለሁ፤ ካፖርቱን ዛሬ መስቀያው ላይ አይቼ ልክዎን ስለ ወሰድኩ ለመለካት አይድከሙ።

ክረምቱን በሰላም ያሻግርዎ፤ ሹመትዎን ያርዝምልን። የሹመትዎን ዕድሜ ከእኛ አብልጦ የሚጸልይለት ማንም እንደሌለ እርግጠኛ ይሁኑ፤ በሥላሴ የማሉት እስከ ሹመትዎ ፍጻሜ ነውና።

በታላቅ አክብሮት፣ ከግድግዳዎ ማዶ፣
አዳሪዎ ገቢሳ ጨመዳ፣ ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለገበያው ሕዝብ፣ በዋርካው በኩል፤
ለወይዘሮ የሺወርቅ፣ ከብዙ ምስጋና ጋር፤
ለግራጫዋ በቅሎ፣ ለትዕግሥቷ።

ያልተጨረሰ ነገር፦ ይህን ጽፌ ለመለጠፍ ስነሣ ወርቂቱ ምጥ ያዛት። እርስዎ ወደ ኮሚቴው ስብሰባ ሄደው ስለ ነበር አላዩም፤ በሳሎንዎ፣ በማያፈሰው ጣሪያዎ ሥር፣ ወይዘሮ የሺወርቅና አዴ ድርቤ ይዘዋት ወንድ ልጅ ወለደች። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው፤ እኔም ከጨፌው ጀምሮ ይዤው የኖርኩትን ትንፋሽ ዛሬ ተነፈስኩ። ባለቤትዎ አራስ ከቤቴ ወጥታ ዝናብ አይነካትም ብለው በሩን ስለ ዘጉ፣ የቅዳሜውን ትእዛዝ ከእርሳቸው ጋር እንዲነጋገሩበት በትሕትና አሳስባለሁ። ልጁንም በእርስዎ ማዕረግ ቡልቻ፣ ማለትም አስተዳዳሪ፣ ብለነዋል። ከሚያዝያ ጀምሮ በዚህ ከተማ «አስተዳዳሪ!» እያልን ስንጣራ ቆይተናል፤ ስንጠራው ድምፁን ያሰማን እርሱ የመጀመሪያው ነው።