የእህቴ ጥርስና የእኔ ራጅ

ለምወድሽና ለምቀናብሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ሥራሽ እንዴት ነው? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት ወይስ ዛሬም ደረጃውን ስትወጣ "እርጉም" እያለች ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። የአንቺን ጥርስ ጤንነት ግን ለብቻው እጠይቃለሁ፤ ወረቀት ያስነሳኝ እሱ ነው።

"ለሐኪምሽ አሳዪው፤ ጥርስ ማለት ምን እንደሆነ ይወቅ" ብለሽ የላክሽው ፎቶ ደርሶኛል። ከዳር እስከ ዳር ነጭ፣ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ! እኔን ደግሞ ያቺው እናት ወልዳኝ፣ አንዱ ጥርሴ ወደ ገበያ ሲሄድ ሌላው ወደ ቤት ይመለሳል። እማዬ በስልክ "የእህትሽን ጥርስ እኮ ሐኪም ነክቶት አያውቅም" ባለች ቁጥር አንጀቴ እርር ይላል። የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ መሣሪያ ሳጥብ የምውለው እኔ፣ ጥርስሽ የሚወደሰው አንቺ! እቀናለሁ፤ ምን ላድርግ።

ፎቶሽን ለሐኪሙ ያሳየሁት በደግነት እንዳይመስልሽ። አንድ እንከን አያጣባትም ብዬ ነው። እሱ መነጽሩን ከፍ አድርጎ "እንዴት ያምራል!" ከማለቱ እንግዳ ተቀባይዋ መጣች፣ ራጅ የምታነሳዋ መጣች፣ ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያን ጊዜ የያዝኩትን መሣሪያ እንዴት አድርጌ እንደፈተግኩት ባየሽ! ሲበቃቸው ሐኪሙ "ግን ከፎቶ ምንም ማለት አልችልም፤ የሚሰማት ነገር አለ?" አለኝ። ቀዝቃዛ ውሃ በግራ በኩል እንደሚጠዘጥዝሽ፣ አንቺ ግን "ብርድ ነው" ብለሽ በቀኝ እንደምታኝኪ ነገርኩት። ፈገግታው ጠፋ። "ቶሎ ትመርመር፤ ራጅም ያስፈልጋት ይሆናል" አለ።

እኔም "እንዲህ የነጣ ጥርስ ምን ራጅ ያሻዋል?" ብዬ ተከራከርኩት። ለመልስ የራሴን ራጅ አውጥቶ አሳየኝ። በቅርቡ ለሠራተኛው ሁሉ በተደረገው ምርመራ የተነሣሁት ነው። ያን ቀን በመስታወት ሲያየኝ ምንም አላገኘም ነበር። ከዚያ ጨረር የሚከለክል ከባድ ሽርጥ አለበሱኝ፣ ትንሽ ነገር አስነከሱኝ፣ ሁሉም ከግድግዳው ጀርባ ሄዱ፤ ቀጭ አለና አለቀ። ሁለት የመንጋጋ ጥርሶቼ ጎን ለጎን በሚነካኩበት ቦታ ላይ ጥቁር ጥላ ታየ። ሳያመኝ ጥርሴ እየተበላ ነበር። ገና ትንሽ ስለነበር ሞላልኝና ተረፈ። "ዓይን የሚያየው ላዩን ነው፤ በጥርስና በጥርስ መሃል ያለውን፣ ከድድ በታች ያለውን ሥርና አጥንት የሚያሳየኝ ራጅ ነው። እስኪያም ከጠበቅን ብዙ ጊዜ ይረፍዳል" አለኝ። ለሁሉም ሰው በየጊዜው እኩል አያነሳም፤ አፉንና የድሮ ራጁን አይቶ ነው የሚወስነው። ጨረሩም ጥቂት ነው። አራተኛ ልጅ አርግዘሽ ከሆነ ግን ራጅ ከመነሳትሽ በፊት ተናገሪ፤ በእሱም እቀናለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፎቶሽን ባሳየሁበት ቀን ከሥራ የወጣሁት ደስ ብሎኝ ነው። "ለካ የእሷም ላዩ ነው እንጂ ውስጡን ለቄስ!" እያልኩ። ቤቴ ገብቼ ፎቶሽን መልሼ ሳየው ግን፣ ያ የሚጠዘጥዝሽ የግራ መንጋጋ ተነቅሎ፣ ስትስቂ እንደ እኔ በእጅሽ አፍሽን ስትሸፍኚ ታየኝ። አለቀስኩ። ደግሞ ለአንቺ ማልቀሴ አናደደኝ።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በዚህ ሳምንት ሂጂ። እማዬ "የልጄ ጥርስ ምን ሆኖ!" ካለች ታላቋ ልጅሽ አዘዘች በያት።

እማዬን ጉንጯን ደጋግመሽ ሳሚልኝ። ልብስ ሰፊው ባልሽን መርፌ በከንፈሩ ይዞ ማውራቱን ይተው በይልኝ። ልጆቹን ከትልቁ እስከ ትንሿ እቀፊልኝ። አንቺም አደራሽን፤ ያ ጥርስ ከወለቀ እኔ በማን ልቀና ነው?

ታላቅ እህትሽ
ከክሊኒኩ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ጥቅምት 12 ቀን