በስልክ የሞተው አባቴ

ሰኞ

አባቴ ሞቷል ይላል ስልኩ። ካልጻፍኩ ጭንቅላቴ የሚፈነዳ መሰለኝ።

ጠዋት ሱቄ ውስጥ የሚዜዎች ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። ጾም ሳይገባ የሚሞሸረው ብዙ ስለሆነ በዚህ ሰሞን የዳንግላ ልብስ ሰፊ ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም። ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ሙሉ ገባችና እቅፍ አደረገችኝ። ከዚያ ስልኳን ሰጠችኝ። የአባባ ፎቶ ነው። በጥር ለፈረስ ጉግስ ሲወጣ እኔ ራሴ ያነሳሁት፣ «የኔ ጀግና፣ አባቴ ፈንታ አለነ» ብዬ በገጼ ላይ የለጠፍኩት። አሁን ከጎኑ ሻማ ተደርጎበታል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ በጫግኒ መንገድ በተገለበጠው መኪና ሕይወታቸው ያለፈው አቶ ፈንታ አለነ። ነፍስ ይማር።»

ያወጣው የአካባቢያችንን ወሬ የሚለጥፈው ገጽ ነው። ሁላችንም እንከታተለዋለን። መብራት መቼ እንደሚጠፋ፣ ማን እንደተሾመ፣ የማን በሬ እንደጠፋ የምንሰማው ከሱ ነው። ተሳስቶ ይሆናል የሚል ሐሳብ ለማንም አልመጣም። ለእኔም ጭምር።

አባባ በእርግጥ ቅዳሜ ወደ ጫግኒ ወርዷል። የወጣትነት ወዳጁ ልጁን ይድራል። የሰርጉ ቤት ከጫግኒ ወዲያ በእግር የሚገባበት ገጠር ነው፤ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ደወልኩ። አይሠራም። ደጋግሜ ደወልኩ። አይሠራም።

አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ለደሴ ስደውል እያለቀሰ ነው። «አባቴን አጣሁ» ብሎ በራሱ ገጽ ላይም ለጥፏል። ጫግኒ ሆስፒታል ለሚሠራ ሰው ደውሎ «ቤተሰቡ ነን፤ መጥተን እንወስደዋለን» ብሎታል። ማን ነገረህ ስለው ተቆጣ። «ስሙ ተጽፎ የለም እንዴ! ፎቶውስ?»

ሱቄን ዘጋሁ። ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች የአባባን ፎቶ እያዩ «ሲያሳዝኑ! ፈረሱ ላይ እንዴት ያምራሉ!» ይባባሉ ነበር። ልጃቸው ነኝ አላልኩም።

ወላጆቼ የሚኖሩበት መንደር ግምጃ ቤት ስደርስ እድሩ ቀድሞኛል። ድንኳን ተተክሏል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ከሁሉም በላይ የሚጮኹት አያ ጥጋቡ ናቸው። ከአባባ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልተው ሰላምታ እንኳ ካቆሙ ቆይተዋል። ዛሬ ደረታቸውን እየደቁ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ይላሉ።

እማ ግን አታለቅስም። ደጃፉ ላይ ቆማለች። «እማ» አልኳት።

«በዓይንሽ አይተሻል?»

«አላየሁም፤ ስልክ ላይ ነው…»

«እንግዲያው ሂጂና አይተሽ ነይ። እኔ ለፎቶ አላለቅስም።»

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በአዊኛ ተቆጣቻቸው። ማንም ልብሷን እንዳያጠቁር፣ ማንም ፀጉሯን ልላጭ እንዳይላት። ሴቶቹ ድንጋጤ አእምሮዋን እንዳሳታት ይንሾካሾካሉ። እኔም ሳልሰጋ አልቀረሁም። ግን ደግሞ ምነው የእሷን ግማሽ ጥንካሬ በሰጠኝ አልኩ።

ማክሰኞ

ስማቸው ከሚባለው የአጎቴ ልጅ ጋር ወደ ጫግኒ ወረድን። የያዝኩት፦ የአባባ ጋቢ። ነጭ አቡጀዲ ለመገነዣ። ውሃ። አቡጀዲውን ስቆርጥ የአባባን ቁመት መለካት አላስፈለገኝም፤ ልብሱን ሁሉ የምሰፋለት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ነው የተንሰቀሰቅኩት።

መኪናው ወደ ቆላው ሲወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ሆስፒታሉ በር ላይ ስማቸው «እኔ ልይልሽ» አለኝ። እማ ያዘዘችው እኔን ነው አልኩት።

የሬሳ ክፍሉ ሠራተኛ ጨርቁን ገለጠ።

አባባ አይደለም።

ትልቅ ሰው ናቸው፤ ፂማቸው አጠር ያለ፣ ፊታቸው ጠቆር ያለ፣ ግንባራቸው ሰፊ። በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም። ወጥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሬሳ ክፍል በር ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ።

ሠራተኛው ሳቄ እስኪያልቅ ጠበቀኝ። «ታዲያ እኚህ የማን ናቸው?» አለ። መታወቂያቸው ላይ ፈንታ አለነ የሚለው ብቻ ይነበባል፤ አድራሻው በደም ተበላሽቷል። «ቤተሰቡ ነን ብላችሁ ስለደወላችሁ ሌላ ዘመድ አላፈላለግንም። እናንተን ስንጠብቅ ነው የቆየነው። እስከ ሐሙስ የሚጠይቃቸው ካልመጣ ማዘጋጃ ቤት ይቀብራቸዋል።»

ሳቄ ደረቀ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የሟቹን ስም ጽፈው ፎቶውን የአባቴን አደረጉ። የእኚህ ሰው ልጆች ያን ቢያዩ «የስም መመሳሰል ነው፤ የእኛ አይደለም፤ ተመስገን» ብለው ይቀመጣሉ። ልክ እኔ አሁን ተመስገን እንዳልኩት።

አቡጀዲውን ለሠራተኛው ሰጠሁት። ትንሽ ያጥራቸው ይሆናል፤ ከአባባ ረዘም ይላሉ።

ከሆስፒታሉ ወጥተን ዳታ ስናገኝ ለገጹ ባለቤት ጻፍኩለት። ወዲያው «ይቅርታ እህቴ» ብሎ አጠፋው። ስልክ ቁጥሩን ተቀብዬ ደወልኩለት። እንጅባራ የሚኖር ወጣት ነው። ስሙን ከሰው በስልክ ሰማ፣ ፌስቡክ ላይ ፈለገ፣ የአባባን ፎቶ አገኘ፣ ለጠፈ። በቃ ይኸው ነው።

«አጠፋሁት እኮ። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ማጥፋት አይበቃም። ተሳስቻለሁ፣ የሞቱት ሌላ ሰው ናቸው፣ ዘመዶቻቸው ጫግኒ ይምጡ ብለህ ጻፍ!»

«እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?» ብሎ ዘጋው።

እኔ በራሴ ገጽ ላይ «አባቴ አልሞተም» ብዬ ለጠፍኩ። ከሥሩ የጻፉልኝ፦ «አይዞሽ፣ እውነት ነው፣ አባት አይሞትም።» «በልባችን ይኖራል።» «ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

የሚያምነኝ አጣሁ። የሞቱን ወሬ ወዲያው ያመነ ሰው የመኖሩን ወሬ አይቀበልም።

ረቡዕ

እማ ያየሁትን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልተደሰተችም። «እሱ አለመሆኑን አየሽ። እሱንስ የት አየሽው?» እውነቷን ነው። ድምፁን እስካልሰማን ድረስ ምን እናውቃለን? ድንኳኑም አልተነሳም። ግማሹ ሰው አመነኝ፤ ግማሹ እኔን ሊያጽናና መጣ።

ጠዋት እንጅባራ ወደሚገኘው ሬዲዮ ጣቢያ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ጋዜጠኛ በኔ ዕድሜ ያለች ናት። የምለውን ሁሉ ሰማችኝ፤ ከዚያ «ይቅርታ፣ ሳላጣራ አላነበውም» አለችኝ። ተናደድኩ። ሐሙስ ነገ ነው! እሷ ግን ሆስፒታሉ ደወለች። ፖሊስ ደወለች። የሟቹን መልክ፣ የለበሱትን ልብስ፣ መኪናው ከየት እንደተነሳ ጠየቀች። እየጠበቅኳት ንዴቴ እየበረደ ሄደ። ያ የገጹ ልጅ ይህን ያህል እንኳ ደክሞ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልመጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ደርሼ ሬዲዮኑን ድንኳኑ መሀል አስቀመጥኩት። መጀመሪያ በአማርኛ ተነበበ። የሟቹ መልክና ስም፣ ዘመዶቻቸው ወደ ጫግኒ እንዲመጡ። ቀጥሎ፣ በተሳሳተ ፎቶ ሞተዋል የተባሉት የግምጃ ቤቱ አቶ ፈንታ አለነ ያሉበትን የሚያውቅ፣ ወይም ራሳቸው ከሰሙ፣ ለቤተሰባቸው እንዲደውሉ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ በአዊኛ ተደገመ።

በአዊኛ ሲነበብ እማ ቁጭ አለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከሰኞ ጀምሮ መጀመሪያዋ ነው። ማንም አልነካት።

የዛሬ ድሎቼ፦ ሬዲዮው። ደሴ የለጠፈውን አነሳ። ሁለት እንጀራ በላሁ።

ሐሙስ

ደወለ!! ደወለ!!

የማላውቀው ቁጥር ነው። ሳነሳው ነፋስ ይጮሃል፤ ከዚያ የአባባ ድምፅ፦ «ትርንጎ! ማነው የገደለኝ?»

ስልኩን እንደያዝኩ «እማ!» ብዬ ጮህኩ። «ሄሎ! ሄሎ! ይቺ ልጅ ደግሞ የት ሄደች?» ይላል እሱ። ትናንት በሰርጉ ቤት ድንኳን ሥጋ እየቆረጠ ሳለ ከደጋሹ ወዳጁ ሬዲዮ የራሱን ስም ሰማ። ሰው ሁሉ ጉርሻውን ይዞ ዞሮ አየው። አንዲት ሴትዮ አማተቡ። ዛሬ ጠዋት ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ በሰው ስልክ ነው የሚደውለው።

ስልኩን ለእማ ሰጠኋት። ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ ያለችው ግን ይኸው ነው፦ «ሥጋው ጥሩ ነበር?» ከዚያ ስልኩን መልሳ ሰጥታኝ ወደ ጓዳ ገባች። ቆይቼ ብገባ ምሰሶውን ተደግፋ በሳቅም በለቅሶም ትንቀጠቀጣለች።

ከሰዓት ጋዜጠኛዋ ደወለችልኝ። ዚገም ወረዳ ያሉት የሟቹ ወንድም ማስታወቂያውን ሰምተው ሌሊቱን ጫግኒ መጥተዋል፤ ዛሬ ጠዋት ሬሳውን ወስደዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ሳይቀብራቸው ደረሱ። እንዳሰብኩት የእህታቸው ልጅ ጽሑፉን ሰኞ አይቶት ነበር። ፎቶውን አይቶ «ሌላ ሰው ነው» ብሎ ለቤቱ አበሰረ።

ቀኑን ሙሉ ይህ ከሐሳቤ አልወጣም። እኛን ያስለቀሰ ፎቶ እነሱን አስደስቷል። አሁን ተራው ተገለበጠ።

ቅዳሜ

አባባ ሰርጉን ጨርሶ በጋሪ መጣ። ከአፋፉ ሲታይ ልጆቹ እየጮኹ ሮጡ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ድንኳኑን እድሩ ሊያነሳ ሲል እማ «ንፍሮውን የበላ ጠላዬንም ይጠጣ» ብላ አስቀርታው ነበር። አባባ ገብቶ ሁሉንም አንድ በአንድ ሳመ። «ማን መጣ? ማን ቀረ?» ይላል እየሳቀ።

አያ ጥጋቡ ከኋላ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። አባባ አጠገባቸው ሄዶ ቆመ።

«ጥጋቡ፣ አልቅሰህልኛል አሉ።»

«ሰው ሲያለቅስ አይቼ ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ሞላ። አባባ ጎትቶ አስነሳቸው። ትከሻ ለትከሻ ተገጫጩ። የድንበሩ ነገር ገና አላለቀም፣ ሽማግሌ ይየው ተባብለዋል። ግን ከአንድ መሶብ በሉ።

ከዚያ አባባ ሰው ስለሱ የጻፈውን ሁሉ አንብቢልኝ አለ። አነበብኩለት። «ደግ ሰው ነበሩ» ሲባል ራሱን ይነቀንቃል። «ሲቆጡ አይጣል ነው» የሚለው ጋ ስደርስ «ይሄን ማን ጻፈው?» አለ። አልነገርኩትም፤ ደሴ ነው።

ያ የገጹ ልጅም ደወለ። ሬዲዮው ካነበበ በኋላ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ብዙ ሰውም ሰድቦታል። ድምፁ ተሰባብሯል። ስልኩን ለአባባ ሰጠሁት። «ልጄ» አለው፣ «ሌላ ጊዜ ልትገድለኝ ስትል መጀመሪያ ደውለህ ጠይቀኝ።» ከዚያ ቆጣ ብሎ «ከኔ ይልቅ ዚገም ወርደህ እነዚያን ሰዎች ይቅርታ ጠይቅ» አለው። እሄዳለሁ ብሏል። ይሂድ አይሂድ እንጃ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባ ዚገም እንውረድ አለ። እማ ጠላና እንጀራ አዘጋጀች። ፈርቼ ነበር። በሕይወት ያለ ፈንታ አለነን ሲያዩ ምን ይሰማቸዋል?

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። አባባ ስሙን ሲናገር ሁሉም ቀና አለ። የሟቹ እህት ከሴቶቹ መሀል ተነስተው መጡ። ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንኳን እርስዎ ተረፉ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጨርቅ ሰጠሽልን አሉ። ብቻውን አልነበረም ማለት ነው።» አቅፈውኝ አለቀስን። ሰኞ በወጉ ያላለቀስኩት እንባ ሁሉ ለእኚያ ሰው ወጣ፤ ከልቤ ነው።

ስንመለስ አባባ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል፤ ኋላ ያሉት ወጣቶች ይስቃሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፍሬ እቀሰቅሰው ነበር። ዛሬ መስኮቱን ዘጋሁለትና እንዳይነቃ ሳልነቃነቅ እንጅባራ ደረስኩ።